ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሳቅ

ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ስትገነባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ዲዛይን የሚባለውን የሶፍትዌር ትምህርት አስተምር ነበር። ያንኑ ኮርስ ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምረው ከለንደን የተመለሰ የአገሩ ልጅ ነው። አንዱ ክላስ፣ ማለትም በፕሮግራም ውስጥ ያለ የነገሮች ዓይነት፣ የሌላውን ባሕርይ እንዴት እንደሚወርስ ሲያስረዳ፣ ተማሪዎቹን አባቶቻቸውን እስከ ጎሳቸው ድረስ ያስቆጥራቸዋል። ሳቃቸው ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። እኔ የመጽሐፉን የመኪናና የተሽከርካሪ ምሳሌ ይዤ እቀናበታለሁ።

አንድ ቀን ስህተቱን አገኘሁበት። ደረቴን ነፍቼ ክፍሌ ገባሁና፣ «መኪና የተሽከርካሪ ዓይነት ነው፤ ልጅ ግን የአባቱ ዓይነት አይደለም። የዘር ሐረግ ለዚህ ምሳሌ አይሆንም» አልኩ።

ፊት የተቀመጠችው ተማሪ፣ «ከጎን ያሉት መምህርም እንዲህ ብለውናል፤ ያስቆጠሩን ስህተቱን ራሳችን እንድናገኘው ነው» አለችኝ።

«አንቺ በምን ሰማሽ?»

ጓደኞቿን ዞር ብላ አየች። «መምህር፣ ከእርስዎ ክፍል ስንወጣ ሁላችንም እሳቸው ጋ እንገባለን።»