በቁልፍ የተሳቀ ሳቅ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጎረቤቴ ነው፣ አማተር ሬዲዮ መጀመር እንደሚፈልግ አጫወተኝ። ለደስታው ብቻ ከሩቅ አገር ሰው ጋር በሞርስ መነጋገር ነው ምኞቱ። የድሮ ሞርሰኛ መሆኔን ሰምቶ ኖሮ «በደቂቃ ስንት ቃል ይልኩ ነበር?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ስንት ሰው ሰሙ ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ አንድም የለም።

«ሃያ አምስት» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

«እኔማ ከአምስት አላልፍም። ይስቁብኛል ብዬ የሞርስ መምቻ ቁልፉን ሣጥን ውስጥ መልሼዋለሁ።»

ይህን ሲለኝ ንዴቴ ከእሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ራሴ ዞረ። ነገሩን የምጽፈውም ለእሱ ብዬ ነው።

በደርግ ጊዜ መተማ ላይ የአንድ የመንግሥት እርሻ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። እርሻው ኮኪት፣ አብርሃ ጅራና ገለጉ ላይ ካምፕ ነበረው፤ በየካምፑም አንድ አንድ ሬዲዮ። በበጋ በድምፅ እንነጋገራለን። ክረምት ሲገባ ግን ማዳመጫው የመብረቅ ጩኸት ብቻ ስለሚሆን በሞርስ እንላላካለን፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፊደሉን በነጥብና በሰረዝ።

በእጄ ፍጥነት የተነሣ «መትረየስ» ይሉኝ ነበር። ስሙን እወደው ነበር፤ ይኸው ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ባትሪ እንዳያልቅ የምንገናኘው ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን እያየ «ቶሎ ቶሎ፣ ጓድ!» ይለኛል። እንዲህ የምንጣደፈው ሰዎች በየመልእክቱ መጨረሻ መፈክሩን ከነሙሉ ፊደሉ እንልክ ነበር። አንድ ነጥብ አይጎድልም። ለመፈክር ሁልጊዜ ጊዜ ነበረን።

ሐምሌ ላይ የገለጉው ሠራተኛ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። የካምፑ ድሬሰር፣ ቁስል የምታጥብና መርፌ የምትወጋ ሴት፣ ሬዲዮውንም ደርባ እንድትይዝ ታዘዘች። ያስተማራት ሰው የለም። የሄደው ሰውዬ ግድግዳ ላይ ለጥፎት የነበረውን ሰንጠረዥ እያየች ብቻዋን ነው የተማረችው።

የመጀመሪያዋ ጠዋት ትዝ ይለኛል። አንድ ፊደል ትልክና ትቆማለች። ሌላ ፊደል ትልክና ትቆማለች። «እባክዎ በቀስታ ይላኩልኝ» ለማለት የፈጀባትን ጊዜ አለቃዬ በሰዓቱ ለካው። ደንቡን ግን አውቀው ነበር። ፈጣኑ ወደ ዝግተኛው ይወርዳል እንጂ ዝግተኛው ወደ ፈጣኑ አይወጣም። ስንሠለጥን አስተማሪያችን ጠረጴዛ እየደበደበ ነው ያስጠናን።

እያወቅሁ ሳቅሁባት። በቁልፍ ይሳቃል፤ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፤ ሞርስ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ጀመርኩ፣ አብርሃ ጅራ ተቀበለኝ፣ ኮኪት ደገመው። ከዚያ የዕለቱን ትእዛዝ በመትረየስ ፍጥነቴ ለቀቅሁባት። አንዱንም አልያዘችም። «በቀስታ» ልትል ጀምራ መሃል ላይ ቆመች።

በማግስቱ ገለጉ አልመለሰችም። በሣልስቱም አልመለሰችም። እኔም በየቀኑ መዝገቡ ላይ «ገለጉ፦ መልእክት የለም» እያልኩ ጻፍኩ። መልእክት የለም! ክረምቱ መንገዱን ዘግቶት፣ ካምፑ በአራሚ ተሞልቶ፣ ወባ በሚነሣበት ወር፣ መልእክት የለም ብሎ የሚጽፍ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው?

ነሐሴ ላይ አንድ ሰው እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ ቢሮ ገባ። ሰሊጥ ሊያርሙ ከደጋ ከሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች፣ ሳሉግ ከምንላቸው፣ አንዱ ነበር፤ አነጋገሩ የጎጃም ነው። የእግሩ ጣቶች መሃል በውሃ ተልጧል። ከላስቲክ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

«ሐኪሟ ናት የላከችኝ፣ ጌታው። የሽንፋ ወንዝ ሞልቶብኝ ሁለት ቀን ከዳር ተቀምጨ ነው የተሻገርሁ።»

«ምን ሆናችሁ?»

«ወባው ፈጀን። ክኒን ካለቀ ሰነበተ። ሁለት ያገሬን ልጆች ቀብሬ ነው የመጣሁ።» ከዚያ ሬዲዮውን በአገጩ አመለከተኝ። «የሚያነጋግር ማሽን አለ ይሉን ነበር። ካለስ እኔን በእግሬ ምን አስኳተነኝ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ከደብተር የተገነጠለ ነው። መድኃኒት እንዲላክላት የምትጠይቅበትን መልእክት በእርሳስ ጽፋ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ነጥቡንና ሰረዙን ደርድራለች። የተሳሳተችውን እየፋቀች ከማስተካከሏ የተነሣ ወረቀቱ ቦታ ቦታው ላይ ሳስቷል። ከላይ ያለው ቀን ሰውየው ከገለጉ ከተነሣበት ቀን ስድስት ቀን ይቀድማል።

«ማሽኑ ዘንድ አትቀመጥም እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ትቀመጣለች። ጠዋት ጠዋት ያንን ነገር ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ልትነካው ስትጀምር እናንተ ትጮሁባታላችሁ መሰለኝ፤ ትተወዋለች።»

እውነቱን ነው። ሁለት ጠዋት አንድ ዝግተኛ እጅ ከእኔ ምት ሥር ሲያንኳኳ ሰምቼ ነበር። ትቆይ ብዬ በላይዋ ላይ ላክሁባት። ምን እየላክሁ እንደነበር መዝገቡን ገልጬ አየሁ፤ በሁለቱም ቀን መፈክር ነው። እሷ ክኒን ትለምናለች፣ እኔ በላይዋ መፈክር እደልቃለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አለቃችን ያን ጊዜ ነው የጮኸው። መድኃኒቱ በትራክተር እስከ ሽንፋ፣ ከዚያ በበቅሎ ተላከ። የጎጃሙ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ መንገድ ሊመራ አብሮ ተመለሰ። አለቃችን ደግሞ ለበላይ በሚላከው ሪፖርት ላይ «ግንኙነቱ በአየር ጠባይ ምክንያት ተቋርጦ ነበር» ብለህ ጻፍ አለኝ። ጻፍሁት። አለቃዬን ልረግመው እችላለሁ፣ ስረግመውም ኖሬያለሁ፤ የጻፈው እጅ ግን የእኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገለጉን በቀስታ ጠራሁ። መዝገም የማያውቅን እጅ ማዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ለሁለት ዓመት የሮጠ ጣቴ በፊደልና በፊደል መሃል መጠበቅ አቃተው፤ ከንፈሬን ነክሼ እየቆጠርኩ ነው የያዝሁት። አብርሃ ጅራ በቁልፍ ሳቀብኝ። «መትረየሱ ጥይት ጨረሰ» አለ ኮኪት። አለቃዬ «ሰዓት!» ሲል መፈክሩን ዘለልሁት። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ዘመን ያሳስራል፤ ግን እልህ ይዞኝ ነበር።

እንግዲህ መምህር፣ ቁልፉን ከሣጥኑ ያውጡት። አምስት ቃል ይበቃል። ሦስትም ይበቃል። የሚሰማዎት ሰው ደንቡን ካወቀ ወደ እርስዎ ይወርዳል፤ ካልወረደ ነውሩ የእሱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ቁልፍ ሲጨብጥ ግን ሁሉም ይረሳዋል። በመጀመሪያው ቀን የሚስቅብዎት ካለ የሬዲዮ መጠሪያውን ይጻፉና ለእኔ ይስጡኝ። ሽማግሌ ብሆንም ስድብ አልረሳሁም።

በአራተኛው ጠዋት ገለጉ መለሰች። «ገለጉ ነኝ። መድኃኒቱ ደርሷል።» እጇ ያው ነው፤ ፊደል፣ ዝምታ፣ ፊደል። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ደስታዬ ውስጥ ደግሞ ፈሪነቴ ነበረበት። ሳትጠይቀኝ፣ በቀስታ፣ ይህን ላክሁላት፦ «ያን ቀን የሳቁት አብርሃ ጅራዎች ናቸው።»

ሄደች ብዬ ማዳመጫዬን ላወልቅ ነበር። ከዚያ ጀመረች።

ሞርሰኛን በእጁ ትለየዋለህ፤ አንዱ ሰረዙን ይጎትታል፣ አንዱ ነጥቡን ይውጣል። ይህን ለሌላው ሁሉ አስተምር የነበርኩት እኔው ነኝ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ፤ እኔም አንድ በአንድ ጻፍኋቸው። በመሃሉ የት እንደምትደርስ ገባኝ። ብትፈጥን ኖሮ በአንድ ጊዜ መትታኝ ባለፈች። እሷ ግን በዚያው በምትችለው ፍጥነት፣ በአክብሮት፣ አንድ ፊደል ሳትስት ጨረሰችው።

«እጅዎን አውቀዋለሁ።»

አለቃዬ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ምን አለች?» አለኝ። ወረቀቱን በመዳፌ ሸፈንሁት። ቀጥላ ለቀጣዩ ወር ስንት ሣጥን ክኒን እንደሚያስፈልጋት መላክ ጀመረች፤ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።