በሰው አንደበት

የታሰርኩት በሳቅ ምክንያት ነው። ለቀበሌው ኪነት ቡድን በጻፍኩት ድራማ ውስጥ አንድ ስግብግብ ደላላ ነበረ። የሰጠሁት አነጋገር የቀበሌ ሊቀመንበራችን ነበር፤ ተዋናዩ ገና አፉን ሲከፍት የዲላ ሰው አወቀውና አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በማግስቱ ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ከነጋዴ የተወረሰ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጆንያ የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሽታ አልለቀቀውም፤ በላዩ ላብና የሽንት ባልዲ ተጨምሮበታል። ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ባንኮ ጎቲቲ ከሚባል ገጠር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ በኋላ እንሰት ጓሯቸው ውስጥ ሰው ሰብስበው ሲጸልዩ ነው የተያዙት። ውስጥ እግራቸውን ተገርፈው በጉልበታቸው ይድሁ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ካድሬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በገበሬው ስም የተጻፈ፣ እምነታቸውን የሚያወግዝ ንግግር ነበር። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ሊነበብ ነው።

«ይሄን የጻፍነው እኛ ነን። የእሱ ቃል እንዳልሆነ የአገሩ ሰው ይለየዋል» አለኝ። «አንተ ሰው መምሰል ታውቃለህ። እንደ እሱ አድርገህ ጻፍልን፤ ቤትህ ትገባለህ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተመለስኩ።

«አባባ፣ በእርስዎ አንደበት የክህደት ቃል ጻፍ ተባልኩ።»

ወረቀቱን አዩት። «ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

እውነቴን ነበር። ነገር ሲጀምሩ ራሳቸውን ይጠይቁና ራሳቸው ይመልሳሉ፤ አማርኛቸው ሴቷን ወንድ ያደርጋታል። ሁለት መስመር በሆዴ ሞከርኩ። ቁርጥ እሳቸውን ሆነ። ደነገጥኩ።

«ሚስቴ ገበያ ይመጣል» አሉ። «እኔ ጌታን ካድኩ ወይ? አልካድኩም። እሱ ግን የኔን ቃል ከሰማ ያምናል።»

አትጻፍ አላሉኝም። ልጆች እንዳሉኝ ያውቁ ነበር።

ጻፍኩ። «አድኃሪ»፣ «ሰፊው ሕዝብ»፣ «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ»፤ በአፋቸው ዞሮ የማያውቀውን ሁሉ ደረደርኩበት። ካድሬው አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ።

«ይሄ ከእኛው በምን ይለያል?»

«የሰውየውን አነጋገር መያዝ አቃተኝ።»

«ለድራማው አላቃተህም።»

«እዚያ ቀንቶኝ ነው።»

ወደ መጋዘኑ ጎትተው ነው የመለሱኝ። ገበሬው የጋቢያቸውን ጫፍ በመጠጥ ውሃቸው ነክረው እግሬ ላይ አደረጉልኝ። ምን እንደጻፍኩ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ወረቀቱ በገበያው ቀን ተነበበ። ኋላ ታስሮ የመጣ አንድ ሾፌር ገበያው ውስጥ ነበረ፤ «ሰዉ ‹ይሄ እሱ አይደለም› እየተባባለ ወደ ግብይቱ ዞረ» አለን። ገበሬው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ክረምቱ ሳይገባ በጭነት መኪና ወሰዷቸው፤ የት እንዳደረሷቸው የሚያውቅ የለም።

ተፈትቼ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ባለቤታቸውን ፍስሐ ገነት በምትባል ከተማ አገኘኋቸው። ካረጁ በኋላ እዚያ ልጃቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር።

«ለእኔ ምን ብሎህ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ያኔ መጽሐፍ ማሳተም ጀምሬያለሁ። ገጸ ባሕሪዎችህ በየራሳቸው አፍ ይናገራሉ እያሉ ያመሰግኑኛል። አንድ የስንብት ቃል ፈጥሬ፣ በባላቸው አነጋገር፣ እዚያው ልነግራቸው እችል ነበር። ይጽናኑ ነበር። እኔ ግን የሰማሁትን ብቻ ነገርኳቸው። ትንሽ ነበር።

ልክ ሠርቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።