የማያዩ ዐይኖች ሥራ

ገመድ ገማጁ አቶ አድማሴ ዐይናቸው ከጠፋ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ቡሬ ገጠር ሳሉ ደጅ ላይ ተቀምጠው ቃጫ ሲያከርሩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ይተኛሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነሥተው ለኪዳን ጸሎት ይደርሳሉ። ዕውርነቱንም እግዜር ያመጣው ነው ብለው ለምደውት ነበር።

ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ደረሰ ፍኖተ ሰላም አመጣቸውና ጓሮው ላይ አንዲት ክፍል ሠራላቸው። ደረሰ ክፉ ልጅ አይደለም። ግድግዳው ሲመረግ ግን «ለአባዬ መስኮት ምን ያደርግላቸዋል? ብርድ ማስገቢያ ነው» አለ፤ የሰማውም ሁሉ እውነቱን ነው አለ። መኪና እንዳይገጫቸው ብሎም ከክፍላቸው እንዳይወጡ ለመናቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ ቀንና ሌሊት ተደበላለቀባቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ነግቷል ብለው ቃጫቸውን ያነሣሉ፤ ኪዳን ሲደወል ያንኮራፋሉ። ጎረቤት «ጃጁ» ብሎ ፈረደ። አድማሴ ይህን ሲሰሙ ፈሩ። ዐይናቸውን ሲያጡ ያላለቀሱት ሰውዬ፣ አእምሮዬንም ልነጠቅ ነው ብለው አለቀሱ።

ደረሰ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሟ ማርያማዊት ባትሪ አብርታ ዐይናቸውን አየች፤ ብሌናቸው በዝግታ ጠበብ አለ።

«አባባ፣ አእምሮዎ ደኅና ነው» አለቻቸው። «ዐይን ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማየት ነው፣ እሱ ቀርቷል። ሌላው ነጋ፣ መሸ እያለ ለአንጎል ወሬ ማድረስ ነው፤ ይኸኛው ዛሬም አለ። ሲመሽ የሚያስተኛዎት ሆርሞን፣ ሊነጋ ሲል የሚያነቃዎት ሆርሞን ጊዜውን የሚጠብቀው በዚያ ወሬ ነው። ብርሃን ሲያጣ የሰውነትዎ ሰዓት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ለመሆኑ የት ነው የሚውሉት?»

ደረሰ አንገቱን ደፋ። አድማሴ አልተቆጡትም፤ በሰሙት ነገር እስከ ቤት ድረስ ሲገረሙ ሄዱ።

በማግሥቱ ደረሰ የምሥራቁን ግድግዳ በዶማ በሳው። ወር ሳይሞላ አባቱ ከኪዳኑ ደወል ቀድመው ይነቁ ጀመር።

አንድ ጠዋት ቁርስ ይዞላቸው ሲመጣ ከመስኮቱ ፊት ተቀምጠው አገኛቸው። ጸሐይዋ ፊታቸው ላይ ወጥታለች። ሁለት ጣታቸውን የዐይን ቆባቸው ላይ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው፣ በቀስታ አሳርፈው ዐይኖቻቸውን ያናግራሉ።

«ለካ ሥራ አልፈታችሁም ነበር» ይላሉ። «እኔ ሙት ናችሁ እያልሁ፣ እናንተ ዐሥር ዓመት ሙሉ ስታነጉልኝ ኖራችኋል። ይቅር በሉኝ።»