ኢርያ ፔልኮነን እና የሐሙስ ተራ

የኪቪላህቲ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ፊዚክስ ክፍል ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ያሳተመው ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ስለ ኢርያ ፔልኮነን እቶን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለው። «በሰባዎቹ አጋማሽ ክፍሉ የክሪስታል ማሳደግ ሥራው እንዲቀጥል ወሰነ» ይላል። ክፍሉ ወሰነ! ክፍል ግድግዳና መስኮት እንጂ አፍ የለው፣ ምን ብሎ ይወስናል? የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ ያውም ራቁታቸውን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ፣ የተዘጋ በር ፊት ቆመው። የመጽሐፉ አዘጋጆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ለመጻፍ ግን አፈሩ። እነሱ ካፈሩ እንግዲህ ሌላ ሰው ይንገረው።

ኢርያ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷ ሁለት ጣቱን ለመጋዙ ትቶ ጡረታ የወጣ፣ በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ «ዛሬስ ለፈለፍኩ» የሚል ሰው ነበር። ልጅህ ፊዚክስ ልታጠና ነው ሲሉት «ይሁና» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው። ሄልሲንኪ ተምራ ዶክትሬቷን ይዛ ወደ ሰሜን ስትመለስ፣ ክፍሉ ገና ካሮጌ የወተት ፋብሪካ ፎቅ ላይ የተከራያቸው ጥቂት ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ግድግዳው የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። እቶኗን የገጣጠመችው እዚያ ነው፤ ጡቡን ራሷ ተሸክማ፣ ሽቦውን ራሷ ጠቅልላ፣ ክንዷንም ተቃጥላ።

ሥራው ችኩል ሰው አይወድም። ቁሱ ይቀልጣል፤ ከቀለጠው ውስጥ ክሪስታሉ ዓይን በማያየው ዝግታ ወደ ላይ እየተሳበ ሳምንታት ፈጅቶ ያድጋል። መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ አለቀለት፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኢርያ የገና በዓልን ሁሉ እቶኗ አጠገብ በአጃ ዳቦና በሳልሞን ሾርባ ያሳለፈችበት ዓመት አለ። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት «የሚጠብቀኝ ሳይሆን የምጠብቀው ነገር ስላለኝ» ትል ነበር፣ ጠያቂውን ለማባረር።

ከዚያ ክፍሉ እቶኑንም ይዞ የገባበት አዲስ የኮንክሪት ሕንፃ ተሠራ። መሐንዲሱ ከቤተ መጻሕፍቱ በፊት ምድር ቤቱ ላይ ሳውናውን፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየረጩ የሚያልቡበትን የእንፋሎት ክፍል፣ ነደፈ፤ ማንም አልገረመውም። ሐሙስ የወንዶች፣ ማክሰኞ የሴቶች ተራ ሆነ። ሴቶች ማለት ኢርያና የክፍሉ ጸሐፊ ሂልካ ነበሩ፣ በቃ።

የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኡርሆ ሳርኪነን ቢሮው ውስጥ «እርስዎ» ካልተባለ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። ሳውና ሲገባ ግን ማዕረጉን ከሱሪው ጋር መስቀያው ላይ ይሰቅለዋል። «እዚህ ዶክተር የለም፣ ፕሮፌሰር የለም፤ ሁላችንም አንተ ነን» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ የአገሩ ደንብ ነው። ነገር ግን ሰው አንተ በሚባባልበት ቦታ የልቡን ያወራል፤ የልቡን ሲያወራም ይወስናል። ማን እንደሚቀጠር፣ የትኛው መሣሪያ ለማን እንደሚደርስ፣ ሁሉም ነገር ሐሙስ ሐሙስ ቋሊማው ድንጋዩ ላይ እስኪበስል ድረስ ያልቃል። የወሩ ስብሰባ ለፊርማ ያህል ነው። «አንቺ» የምትባል ሰው ሐሙስ ላይ አልነበረችም።

አንድ የክረምት ዓርብ ጠዋት፣ ከወጣቶቹ መምህራን አንዱ የሆነው ሬዮ ኮሪደር ላይ አገኛት።

«አይዞሽ ኢርያ» አላት።

«ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የምባለው?»

«አልሰማሽም እንዴ? ስለ እቶኑ...» ሬዮ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ያ ክፍል የሚያክለው ኮምፒውተር ሊመጣ ነው አይደል? ቦታ ያስፈልገዋል። ከስብሰባው በኋላ ያንቺ ክፍል መብራቱ ይቆረጣል።»

«ስብሰባው እኮ የፊታችን ዓርብ ነው።»

«እሱማ ነው።»

«ታዲያ ማን ወሰነ?»

«እ... ትናንት ታች ሆነን እንዲያው ስናወራ...»

እቶኑ ውስጥ በዚያች ሰዓት ክሪስታል ነበር። ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ኢርያ ደሟ ፈላ፤ ሆኖም መጀመሪያ ሥርዓቱን ተከትላ ሳርኪነን ቢሮ ገባች።

«ፕሮፌሰር፣ እቶኔን ሊዘጉት እንደሆነ ሰማሁ።»

«ዶክተር ፔልኮነን፣ ምንም የተወሰነ ነገር የለም» አለ ሳርኪነን በለሰለሰ ድምፅ። «ጉዳዩ ለስብሰባው ይቀርባል። እርስዎም ሐሳብዎን ይሰጣሉ።»

«ታዲያ ሐሙስ ታች ምን ተባለ?»

«ሐሙስ? ሐሙስ እኮ ሳውና ነው የምንገባው።»

ይህን ያለው ዓይኗን እያየ ነው። አልዋሸም፣ ለዚህ ነው አንጀቷን ያሳረራት። ሳውና ነው የገቡት፤ ማን ሊከሳቸው ይችላል?

በቀጥታ ወደ ሂልካ ሄደች። ሂልካ ከሷ ታላቅ ናት፤ የሳውናው የውጭ በር ቁልፍም እሷ ጋ ነው።

«ሐሙስ እንግባ» አለቻት ኢርያ።

«ማክሰኞ ማለትሽ ነው።»

«ማክሰኞ ገብተን ምን እንወስናለን? አንቺና እኔ ስለ አየሩ ጠባይ? ሐሙስ ነው የምልሽ፣ ከነሱ በፊት።»

ሂልካ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል» አለች። ቁልፉን ከመሳቢያዋ አውጥታም «ልብሳችንን ይዘን ወደ ውስጥ እንግባ። መስቀያው ላይ ካዩት ሳያወልቁ ይመለሳሉ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ አገር ሴቶች ውስጥ ካሉ ወንድ አይገባም፣ ሳውና ውስጥ ያለን ሰው ደግሞ ማንም ውጣ አይለውም። ንጉሥ ቢመጣ ተራውን ይጠብቃል። ሳርኪነንና ጓደኞቹ የክፍሉን ጉዳይ ሁሉ የሚጨርሱት ሰው በማይባረርበት ብቸኛ ቦታ ነበር። እንዲህ ያለውን ስህተት የሌላ አገር ምሁር አይሠራውም።

ሐሙስ ዕለት ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው እየተሳሳቁ ወረዱ። ልብሳቸውን አወለቁ። ሬዮ የመታጠቢያውን በር ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

«ሰው አለ!» አለች ሂልካ ከውስጥ።

የመታጠቢያው በር መቀርቀሪያ እንኳን አልነበረውም። ሬዮ ግን እሳት እንደተኮሰው ሰው እጁን ሰበሰበ። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!»

«ቀኑን እናውቃለን። ቋሊማችሁን ብሉ እስከዚያው።»

«ጥሬ ነው እኮ!»

መልሰው ለብሰው ወደ ቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ለሳውና ልብሱን አውልቆ ሳያልበው የተመለሰ ወንድ በኪቪላህቲ መሳቂያ ነው። ቆሙ። የልብስ ማውለቂያው ደግሞ ማሞቂያው የሚሠራው ሲያሻው ነው። ሴቶቹ ሲሞቃቸው ወደ መታጠቢያው ወጥተው በላያቸው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ፤ ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲረጩ ሿ የሚለው ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። የወንዶቹን ቅናት መገመት አያቅትም።

በመጨረሻ ሳርኪነን ፎጣውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወደ በሩ ተጠጋ። «ዶክተር ፔልኮነን፣ እባክዎ...»

ኢርያ ከበሩ ወዲያ እርጥብ ወለል ላይ ቆማለች። ይህን ሰው በሥራ ዘመኗ ሙሉ እርስዎ ብላው ነው የኖረችው።

«ኡርሆ» አለች። «ሳውና ውስጥ ዶክተር የለም። አንተው ነህ ያልከው።»

ውጭ አንድ ሰው ሳል አፈነ።

«እሺ» አለ ሳርኪነን። «ምን ያህል ትቆያላችሁ?»

«የእቶኑ ነገር እስኪወሰን።»

«ይህ የስብሰባ ጉዳይ...»

«ስብሰባ ላይ አይደለን እንዴ? የምትሰበሰቡት እዚህ መስሎኝ!»

ሽማግሌው መምህር ኦኒ ሳቁ አመለጠው። ሳርኪነን ገላመጠውና ወደ በሩ ተመለሰ። «ኮምፒውተሩን የት ላድርገው ታዲያ? ጭንቅላቴ ላይ?»

«ቢሮህ ውስጥ። ሁለት መስኮት አለው።»

«ቢሮዬን?»

«እውነቷን ነው ኡርሆ» አለ ኦኒ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ያንተ ቢሮ እኮ ኳስ ያጫውታል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሳምባ ምች ይዞኝ ልሞት ነው፣ አንተ ስለ መስኮት ታስባለህ።»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሐሙስ ላይ አለቃ የለም ብሎ ያስተማራቸው ራሱ ነው፤ አሁን ተጠቀሙበት።

«በቃ እሺ» አለ ሳርኪነን። «ይህ ክሪስታል እስኪያልቅ ይቆይልሽ።»

ሂልካ ክንዷን ጨበጠቻት፣ በቃ ተቀበይ ልትላት። ኢርያ ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ እስኪያልቅ አይደለም። እቶኑ ለዘለቄታው ቦታው ላይ ይኖራል። ያንን ነው የምጠይቅህ።»

ኢርያ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ድንጋዩ ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ገለበጠች። ሿ!

«ይኖራል!» አለ ሳርኪነን ከውጭ ጮኾ። «ይኖራል አልኩ እኮ፣ ሴትዮ!»

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ሳርኪነን ክራቫቱን አጥብቆ፣ ክፍሉ የክሪስታል ሥራውን ለመቀጠል እንደወሰነ አነበበ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ዶክተር ፔልኮነን የሚጨምሩት አለ?» አለ። እንደተለመደው እርስዎ ብሎ፣ ትናንትን ምድር ቤት ቆልፎበት።

«የለኝም ኡርሆ» አለች ኢርያ በሰው ሁሉ ፊት። «አንተ ሁሉንም ብለኸዋል።»

የሂልካ ብዕር ቆመ። ልብስ ለብሶ፣ ጠረጴዛ ከቦ፣ ፕሮፌሰሩን አንተ ያለ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሳርኪነን ጆሮው ቀላ፤ ወረቀቱን አገላበጠ። «እንግዲህ... እሺ፣ ኢርያ» አለና ወደ ቀጣዩ ጉዳይ አለፈ።

ክሪስታሉ ጊዜው ደርሶ ሲወጣ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር። ኃይል አልተቋረጠም፣ ማንም አልነካውም፤ ተሰነጠቀ እንጂ፣ ይህ ሥራ እንዲህ ያደርጋል። ኢርያ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ያን ሁሉ ተዋርዳ፣ ሰውንም አዋርዳ ያዳነችው ነገር እጇ ላይ ለሁለት ተከፍሎ። ለቅሶዋን ስትጨርስ መዶሻ አነሳች።

ሳርኪነን ሲመጣ ስብርባሪውን እየፈጨች ነበር። ወሬው ደርሶታል። «ያሳዝናል» አለ፣ እውነትም አዝኖ። ከዚያ ግን ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዓይኑ ለክቶ «እንግዲህ ኢርያ፣ እንዲህ ከሆነ የዚህን ክፍል ነገር እንደገና...» ብሎ ጀመረ።

«ባለፈው ዓመት ያንተ ናሙናዎች በሙሉ ሲበላሹ፣» አለችው ቀና ሳትል፣ «ማን መጥቶ ክፍልህን ለካ?»

ሳርኪነን ክራቫቱን አላላ።

«አትገተር እንግዲህ። የእቶኑ ክዳን ከባድ ነው፣ ኮትህን አውልቅና ያዝልኝ።»

ሳርኪነን ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ክዳኑን በሁለት እጁ ያዘ። ኢርያ የፈጨችውን እንደገና እንዲቀልጥ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት እቶኑ ውስጥ መልሳ ጨመረች፣ ማብሪያውንም ተጫነችው።