የአክስቴ ሕመምና የእህቴ ሠርግ

ሕመሙ የጀመረኝ በዓይኔ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዳንግላ ባለው ግቢያችን ታላቅ እህቴ ትብለጥ ለሠርጓ የሚሆነውን በርበሬ ስትቀነጥስ አግዛታለሁ። ግራ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባና ጨፈንኩት። በቀኝ ዓይኔ ብቻ ሳየው በርበሬው ሁሉ አመድ መሰለኝ።

«ምነው ይሄ በርበሬ ቀለሙ ጠፋ?» አልኳት።

«አንቺ ሥራ ሲሰለችሽ ሰበብ አታጪም!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ዓይኔን ሳንቀሳቅስ ያመኝ ጀመር። ቆይቶ እግሮቼ ደነዘዙ። ከአልጋ ስነሣ ወደቅሁ። ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ። አፈርኩ።

ባሕር ዳር ወደ ነርቭ ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ኤምአርአይ አዘዘች፤ አንጎሌና ኅብለ ሰረሰሬ ላይ ጠባሳ ታየ። ሌሎቹ ምርመራዎች ሲያልቁ ስሙን ነገረችን፦ መልቲፕል ስክለሮሲስ። የሰውነት መከላከያ የራሱን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው።

«በቤተሰባችሁ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር?» አለች።

«የለም» አለች እማ፣ ቶሎ ብላ።

ነበር። ጥርባ አካባቢ ትኖር የነበረችው የእማ እህት በወጣትነቷ ዓይኗ ይፈዝና መልሶ ይሻላት ነበር፤ በኋላ እግሯ ተሳሰረ። ሰዉ ልክፍት ነው አለ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገቧት ነበር። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና ብቻ ሳይሆን ደዌም ይጠየቃል። እማ የፈራችው ለትብለጥ ነው።

በደም ሥር ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ተሰጠኝ። እግሬ ቀስ በቀስ መታዘዝ ጀመረ። ወሬው ግን የሙሽራው አገር ቆሰበር ደርሶ አባቱ አያ ስመኝ ቤታችን መጡ።

«ወይዘሮ አስረስ፣ ልጅቱን እወዳታለሁ። ሰው ግን ያወራል። በዘራችሁ ነው?»

ትብለጥ በር ላይ እንደቆመች ቀረች። እማ በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እህቴ እንዲህ ሆና ነው የሞተች። ምን እንደነበረ ግን አላውቅም። ልጄ ከፈቀደች ሐኪሟን አብረን እንጠይቃት።»

ፈቀድኩ። እኔ፣ እማና አያ ስመኝ በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሟ በዝግታ አስረዳችን።

«የአክስቷን ሕመም ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም። ይህ ሕመም ግን እንደ መሬት ከወላጅ ለልጅ አይወረስም። የሚያጋልጡ ብዙ ጂኖች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚጨምሩት አደጋ ጥቂት ጥቂት ነው። ቫይረስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ ሲጋራም ሊታከሉበት ይችላሉ። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያ ትብለጥ አትታመምም ብለሽ ትፈርሚልኛለሽ?» አሉ አያ ስመኝ።

«አልፈርምም። የመታመም ዕድሏ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ያለመታመም ዕድሏ ግን እጅግ ይበልጣል። ለእርስዎ ልጅም ቢሆን አልፈርምም።»

አያ ስመኝ ሳቁ። «ወይ ጉድ! ለእኔም ልጅ ዋስ ጠፋ በይኛ!»

አመሻሽ ላይ ተመለስን። እኔና እማ ዳንግላ ወርደን ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል አያ ስመኝ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ወይዘሮ አስረስ፣ በርበሬው ተፈጨ?»

«ገና ነው፣ አያ ስመኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ!»

እማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሙቀት ሲበዛ ቀኝ ዓይኔ ቢፈዝም፣ ደረጃ ስወጣ ቀስ ብልም፣ ክትትሌን ሳላቋርጥ እማራለሁ፣ ትብለጥም ልጅ ታቅፋ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ሐኪሜን፣ እማን፣ አያ ስመኝንም አመሰግናለሁ። ይህን የምታነቡ ሕመምተኞችና ቤተሰቦች፣ ዓይናችሁ ቢፈዝ ወይም እግራችሁ ቢደነዝዝ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በዘር መኖሩ ፍርድ አይደለም፤ ለሐኪሙ ግን ማወቁ ይጠቅመዋል። ሲጠይቃችሁ ጓዳ የተደበቀውን ሰው ስም ጥሩ።

የእኔ አክስት ጥሩዬ ትባል ነበር።