የኅዳር ሚካኤሉ መርፌ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ልብስ የሚያሰፋ ሐበሻ ሁሉ የውብዳርን ያውቃታል፤ የማያሰፋውም ያውቃታል። የስፌት መኪናዋ ደጃፉ ላይ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሳይላት አያልፍም፣ ሰላም ያላትም ወሬ ሳያቀብላት አይሄድም። ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚስ፣ ለሶማሌ ሙሽሮች ስስ የሠርግ ልብስ ትሰፋለች፤ ከአዲስ አበባ ወደብ የሚመላለሱት ሾፌሮችም መቀመጫው የተተረተረ ሱሪያቸውን ይጥሉላታል። አንድ ጊዜ አንዲት ሙሽራ በፈረንጅ አቆጣጠር የነገረቻትን ቀን በሐበሻ ይዛው ጉድ ልትሆን ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስትሰጥ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ትጽፋለች። "አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" ለእሷ ተረት ሳይሆን እንጀራ ነው።

ከጎኗ ልጇ ዝማሬ ትቀመጣለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባትና አትናገርም። የልብስ ቁልፎችን በቀለምና በመጠን እየለየች በየቆርቆሮው ትከታለች፤ አንዲት ቁልፍ ከማይሆን ቦታ ብትገባ እሷን ሳታወጣ ምሳ አትበላም። መኪናው ሲሄድ አብራው ታንጎራጉራለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ክሩ ሊወሳሰብ ሲል ድምፁ ይለወጥባታል መሰለኝ፣ እናቷ ከማወቋ በፊት እጇን መዘውሩ ላይ ጫን ታደርጋለች። የውብዳር "እንዲህ ያለ ረዳት በደሞዝም አይገኝ" ትላለች፤ እውነቷን ነው። እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትሳሳላት።

ይህች ደግ ሴት ግን አንድ ቂም ነበራት። ዝማሬ ገና ዓመቷን እንዳለፈች የውብዳር የታመሙ እናቷን ልታስታምም ድሬዳዋ ሄደች፤ ከመስቀል እስከ ፋሲካም ቆየች። ልጅቷን የተቀበሏት አማቷ እማማ ውብነሽ ነበሩ። ስትሄድ ዝማሬ "እማ" እና "ውሃ" ትል ነበር። በገና ሰሞን አማቷ በስልክ "ልጅቷ ዝም ዝም አለችብኝ" አሏት። ለፋሲካ ስትመለስ ልጇ ዞር ብላም አላየቻት። የውብዳር አልቅሳ ሲወጣላት የክትባት ካርዱን አገላበጠች፤ እሷ በሌለችበት የተሰጠ አንድ የኩፍኝ ክትባት አገኘች። ቀኑ 12/03 ይላል፣ ዓመቱ ላይ ማኅተም አርፎበታል። ያኔ ጅቡቲን በቅጡ አልለመደችም፣ ፈረንሳይኛም አታውቅም ነበር። ሦስተኛው ወር፣ በአሥራ ሁለት፤ ኅዳር ሚካኤል ነዋ! ከገና በፊት። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

"ያስወጉብኝ እርስዎ ነዎት" አለቻቸው።

እማማ ውብነሽ ፊደል አልቆጠሩም። "እኔ እንኳ ከገና በኋላ መሰለኝ። ዝም ስላለችብኝ ነው ይዣት የሄድኩት" አሉ።

"ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል?"

አሮጊቷ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላሉም። ዝማሬን እያጠቡ፣ ጸጉሯን እያበጠሩ፣ አብረዋት እያንጎራጎሩ ኖረው ከስድስት ዓመት በፊት ዐረፉ። ካርዱም የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ቀረ።

የውብዳር ለማንም "አታስከትቢ" ብላ አታውቅም። የልጇን ታሪክ ብቻ ነው የምታወራው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በጽዋ ማኅበር የተወራው በሳምንቱ ሰፈሩን ይዞረዋል። ልብስ ለክታ የማታሳስት ሴት በልጇ ጉዳይ ትሳሳታለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዘንድሮ ኩፍኝ ሰፈሩ ገባ። የጤና ባለሥልጣኖቹ ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት መኪና ላኩ፤ "ክትባት አስተማማኝ ነው፣ አሉባልታ አትስሙ" እያለ በሦስት ቋንቋ ሲጮህ ዋለ። አሉባልታው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደማይሰማ ግን አልተናገረም። ሴቶቹም መስኮታቸውን ዘግተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፀዳል ግን መዝጋት አልቻለችም። የሾፌሩ የጀንበሬ ሚስት ነች፤ የበኩር ልጇ አምሀ አሥራ አንድ ወሩ ነው፣ የኩፍኝ ክትባት አልወሰደም። የጎረቤቷ ልጅ በኩፍኝ ታሞ ሆስፒታል መተኛቱን በሰማች ዕለት ሕፃኑን ታቅፋ የውብዳር ዘንድ መጣች።

"እትዬ፣ ምን ላድርግ? ጀንበሬ ከመንገድ ደውሎ፣ አሜሪካኖቹ እንኳ የጤና መሥሪያ ቤታቸው ድረ ገጽ ላይ 'ክትባት ኦቲዝም አያመጣም' ይሉ የነበረውን ቃል ቀየሩ አለኝ። እኔ እነሱንም መኪናውንም አላውቅም። የማውቀው እርስዎን ነው። እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።"

የውብዳር መቀሷን አስቀመጠች። እስከዚያ ቀን የሰው ልጅ ነፍስ እንዲህ እጇ ላይ ወድቆ አያውቅም። አስከትቢ ብትል ከገዛ ቃሏ ጋር ትጣላለች፤ ተይው ብትል ደግሞ ኩፍኙ ጎረቤት ደርሷል። ፈራች፣ በጣም ፈራች።

"ቆይ፣ ሙሕሲንን ላስጠራው" አለች።

ሙሕሲን የጤና ጣቢያው ነርስ ነው፤ ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛው ከእኛ ይሻላል። መጣና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ወረቀት አላወጣም፣ አልመከረም። ታሪኩን ከነጀንበሬ ወሬ ከሥር ከመሠረቱ አስነግሯት እስክትጨርስ አዳመጠ።

"በል እንግዲህ፣ ክትባቱ ካልሆነ ልጄን ምን ነካት?" አለችው።

"አላውቅም፣ እትዬ" አለ። "በዘር የሚመጣ ነገር እንዳለው ይታወቃል፤ የዝማሬን ግን እንዲህ ነው ብዬ ብነግርዎ ዋሸሁ። ክትባቱን ከሆነ በብዙ አገር፣ በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ አይተውታል፤ ኦቲዝም የተከተቡትም ያልተከተቡትም ላይ እኩል ነው የሚገኘው። ገጽ ላይ ቃል ስለተቀየረ እነዚያ ልጆች አይቀየሩም።"

የመንግሥት ሰው "አላውቅም" ሲል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። መሳቢያውን ሳበችና ካርዱን አውጥታ ሰጠችው። "ኅዳር ሚካኤል ቀን ነው የተወጋችው። እየው።"

ሙሕሲን አየው። ወደ ብርሃኑ አዙሮም አየው። "እትዬ፣ ይሄ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ሦስተኛው ወር ማርስ ነው፣ መጋቢት። ከገና ሁለት ወር በኋላ።"

የውብዳር ካርዱን ተቀበለችው። በሺህ የቀጠሮ ወረቀት ላይ ቀን ስትገለብጥ የኖረች ሴት፣ ይህችን አንዲት ቀን ገልብጣ አታውቅም። ማርስ አሥራ ሁለት፣ መጋቢት ሦስት። ዝማሬ ዝም ያለችው መርፌው ሳይነካት ነው።

"ኅዳር ቢሆንም ኖሮ መልሴ ያው ነበር" አለ ሙሕሲን ቀስ ብሎ። "ኦቲዝም የሚታወቀው ልጆች በሚከተቡበት ዕድሜ ነው። ሁለት ሰው አንድ ሚኒባስ ስለተሳፈረ ዘመድ አይሆንም።"

ሰማችው፤ ግን ልቧ ሌላ ጋ ሄዶ ነበር። *ከገና በኋላ መሰለኝ* ያሉት ሴትዮ ጋ።

በማግስቱ ከፀዳልና ከአምሀ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደች። ሕፃኑ እንደ ወጉ ጮኾ አለቀሰ፣ ወዲያውም ረሳው። የውብዳር የሕፃኑን ካርድ ተቀብላ ከፈረንጁ ቀን ሥር በእርሳስ የሐበሻውን ጻፈችበት። የእሁዱ ጽዋ ማኅበር ላይ ደግሞ ሳትቀመጥ ተናገረች፤ "ለዓመታት የነገርኳችሁ ስህተት ነው። ቀኑን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ያሳሳትኳችሁም እኔ ነኝ" አለች። ጥቂቶች አጉረመረሙ፣ ጥቂቶች ካርዳቸውን ይዘው በሚቀጥለው ቀን ደጃፏ ተሰለፉ። ቀን ስትገለብጥላቸው ዋለች።

ሁሉም ሲሄዱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ከመኪናዋ በላይ የእማማ ውብነሽ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ዝማሬን ታቅፈው የተነሱት ነው። ቀና ብላ ለማየት ጊዜ ፈጀባት።

"ወረቀቱ አልዋሸም፣ እማማ" አለች። "እርስዎም አልዋሹም።"