ሰማንያኛው ቀን በሞጣ መንገድ

ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አለን አሉ አማቴ። «ጊዜ አለን» ብሎ ከቤት የወጣ ሰው በሰዓቱ ሲደርስ እኔ አይቼ አላውቅም።

የልጄ ሰማንያ ቀን የሚሞላው ያን ዕለት ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ አማቴ ደግሞ አባቷ ከተነሣበት ከሞጣ ውጭ አሻፈረኝ አሉ። ቢቸና ላይ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ይመስል! ባለቤቴ ካህናቱን ሊያነጋግር ቀድሞን ሄዷል። እኔ፣ አማቴና ክርስትና እናት እንድትሆን የለመንኳት ጓደኛዬ ልጄን ይዘን በሚኒባስ ተሳፈርን። የተጠመቀ ሕፃን ዕለቱኑ ስለሚቆርብ፣ ከተሳፈርን በኋላ ጡት እንዳላቀምሳት ተነግሮኛል። ከጠባች ቁርባኑ ቀረ ማለት ነው። እኔም ከወለድኩ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁምና ቀኑን ስቆጥር ነው የከረምኩት።

ደብረ ወርቅ ላይ ሾፌሩ ሰው ሊጭን ቆመ። አማቴ «ማርያምን ሳልሳለም አላልፍም» ብለው ወረዱ፤ ጓደኛዬም ልትደግፋቸው ተከተለች። አማቴ ተመልሰው ፊት ወንበር ላይ ወጡ። ሾፌሩ «ሁሉም ገብቷል?» ሲላቸው «አለን፣ አለን፣ ንዳው!» አሉት። እኔ የልጄን ጨርቅ እየቀየርኩ ስለነበር ቀና አላልኩም። ለካ ጓደኛዬ ጠበል ልትቀዳ ወደ ኋላ ቀርታለች! ያወቅነው ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው። ስደውልላት ስልኳ ከወንበሩ ሥር፣ ከቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ሾፌሩ አልመለስም አለ። አማቴ «ማርያም ታውቃለች» ብለው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «ንዳው ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አማት ናቸው፣ ምን ይደረጋል።

ጥቂት እንደሄድን ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ክሪኩን ለሰው አውሶታል። አላፊ መኪና እስኪገኝ ድረስ መንገድ ዳር ተደረደርን። ልጄም እሪታዋን አቀለጠችው። ባለቤቴ በየደቂቃው እየደወለ «የት ደረሳችሁ?» ይለኛል። ስልኩን ወደ ገደሉ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ይባስ ብሎ፣ ከቢቸና ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጡ፣ የሽንኩርት ማዳበሪያ የያዙ ሴትዮ ነበሩ። ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ አታጠቢያትም? ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?» ይሉኛል። አንጀቴን የማውቀው እኔ ነኝ። ጡቴ በወተት ተወጥሮ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሷል። በመጨረሻ ከመኪናው ኋላ ዞርኩና ቁልፌን ፈታሁ። ይቅር፣ አልኩ፤ እግዚአብሔር ሕፃን አስርቡ አላለም። ግን ደግሞ፣ ሰማንያ ቀን ጠብቄ በመጨረሻው ሰዓት ላበላሸው ነው።

ሴትዮዋ ተከትለውኝ መጥተው «ቁርባኗ ቀረ» እያልኩ ሳጉረመርም ሰምተው ኖሯል። «ትቆርባለች እንዴ ዛሬ? ታዲያ ምነው አትናገሪም!» አሉና ልጄን ከእጄ ወሰዷት። «ወተትሽን እያሸተተች እንዴት ዝም ትበል? አንቺ ራቂ።» በነጠላቸው አዝለዋት አስፋልቱን ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር። ልጄ ጥቂት ተነፋረቀችና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ እንደዚያ አስተኝቻት አላውቅም። ከማመስገን በፊት ቅናት ያዘኝ።

ጎማው ተቀይሮ ሞጣ ስንደርስ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ላብ አጥምቆታል። ቄሱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ውኃው ተዘጋጅቶ ይጠብቃሉ። «ክርስትና እናቷስ?» አሉ። የሥጋ ዘመድ አይሆንም፤ ጓደኛዬ ደብረ ወርቅ ናት። አማቴ ያኔ ገና ጥፋታቸው ገብቷቸው ማልቀስ ጀመሩ።

ሴትዮዋ ልጄን እንዳዘሉ ከኋላችን ቆመዋል። ሽንኩርታቸውን መኪናው ይዞት ሄዷል፤ ትዝም ያላቸው አይመስሉም። መንገዱን ሙሉ የጠላኋቸውን ሴት ጉልበት ይዤ «እባክዎ» አልኩ። «ተነሽ፣ ተነሽ፤ ጊዜ አታባክኚ» ብለውኝ ገቡ።

ጓደኛዬ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል በጭነት መኪና ደረሰች፤ የተቀዳውን ጠበል እንዳቀፈች። ለአንድ ወር አኩርፋኛለች።

ልጄ ስትቆርብ ሴትዮዋ አቅፈዋት፣ እኔ ከጎናቸው ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ንዴቴ ሳይለቀኝ፣ ከነንዴቴ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ዝርክርካችንን እያየ እንዳልተወን በዚያች ሰዓት አመንኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በይ አሁን አጥቢልኝ፣ ልጄን» አሉኝ።

ልጄን አሉ፤ እኔም አላረምኳቸውም።